ድቡልቡል ፊደል በነካሪዎች ሰፈር

የፊደል ሥዕሎቼን የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አለቃ ይነሱ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ አራት ቀን ጠበቅኩ። እሳቸውም አራት ቀን ጠበቁኝ። በአምስተኛው ቀን ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ አስቆሙኝ።

«አዝመራ፣ የት አደረስሽው?»

«ምኑን፣ አለቃ?»

«ፊደሉን ነዋ!»

«ጠረጴዛዎ ላይ ነው።»

«እሱማ ቅርፊቱ ነው። ፍሬውን እየጠበቅኩ አይደል እንዴ?»

እኔ አስተያየታቸውን ስጠብቅ፣ እሳቸው የፊደሎቹን ውስጥ በቀለም ሞልቼ እስካመጣ ይጠብቁ ኖሯል። አለቃ ፊት ስቆም ድምፄ ይወርዳል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ቢሆንም ቢሯቸው ድረስ ተከትያቸው ገብቼ አስረዳኋቸው። ውስጡ ባዶ የሆነው ሆን ብዬ ነው አልኩ። ልጆች በቀለም እየሞሉ እንዲማሩበት ነው አልኩ።

«ባዶነቱ የታሰበበት ነው?»

«አዎ።»

አንዱን ወረቀት ወደ መስኮቱ አንስተው ብዙ አዩት። ከዚያ የፊደላት መዝገቡን ከፍተው «ድቡልቡል። ውስጡ ባዶ። ለመሞላት የተሠራ» ብለው ጻፉና ትክክል መሆኑን እንዳይ መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩት። ትክክል ነው አልኩ። ትክክልም ነበር።

በአገራችን ሰው ፊርማ እንደማይፈርም ለማያውቅ መናገር አለብኝ። ማናቸውም ወረቀት ግርጌው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ባዶ ክብ አለችው። በጉዳዩ የተስማማ ሰው ክቧን በቀለም ይሞላታል፤ ያልተስማማ እንዳለች ይተዋታል። ይህ ሙሌት ይባላል። የጥንት ሰዎች «ባዶውን የሞላ ቃሉን ሰጠ» ይሉ ነበር፤ ሕጉም ከዚህ አይረዝምም። ሙሽሮች በሠርጋቸው ቀን አንዲት ክብ ከግራና ከቀኝ ይጀምራሉ፤ መሃል ላይ ካልተገናኙ ሠርጉ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል። ግማሽዋ ብቻ የተሞላች ክብ «እያሰብኩበት ነው» ማለት ናት። መዝገብ ቤታችን ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት ማሰብ የጀመሩ ሰዎች ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የፊደል ቅርጽ ነው። በዚያ ትምህርት ሥራ የሚገኝበት ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ ማስታወቂያ ቤት ገባሁ። ማስታወቂያ ቤቱ እኔ እስክገባ ድረስ አንድ ዓይነት ፊደል ብቻ ነበረው፤ ችንካር ይሉታል። እግሮቹ ሹል፣ ጫፎቹ ስለት ናቸው። የክትባት ቀን ማስታወቂያ በችንካር ሲጻፍ ልጆቹ ገና ከሩቅ አይተውት ማልቀስ ይጀምራሉ ብላ አንዲት ነርስ ቅሬታ አቀረበች። ለልጆች የሚሆን ፊደል እንድሥል የታዘዝኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሣልኩት ቤት ነው፣ አባቴ ግቢ ውስጥ። የምንኖረው ወንዙ ዳር፣ ነካሪዎች ሰፈር ነበር። ነካሪ ማለት ጨርቅ በቀለም የሚነክር ሰው ነው። ከሥር፣ ከቅጠልና ከቅርፊት ቀለም ያወጣሉ፣ በትልልቅ ጋን ይዘፈዝፋሉ፣ በወንዙ ያለቀልቃሉ፣ ገመድ ላይ ያሰጣሉ። የሰፈራችን ሰው ነጭ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። በራችን ሰማያዊ፣ የአህዮቻችን ጅራት ቢጫ ነበር። ነጭ ዶሮ ከገበያ የገዛ ሰው ቤቱ ከመድረሱ በፊት ዶሮዋን ቀይ ሆና ያገኛታል፤ ማን እንዳደረገው አይጠየቅም።

አባቴ ጋሽ ደምለው በሰፈሩ ከሁሉ የበለጠ ነካሪ ነበር። እሱ የነከረው ጨርቅ ቀለም አይለቅም። ሰው ልብሱን ለብሶ አርጅቶ ይሞታል፣ ልብሱ ለልጁ ይተርፋል፣ ቀለሙ እንዳለ ነው። እንዴት እንደሚያደርገው ሲጠይቁት «ጨውና አመድ ነው» ይላል። ጨውና አመድ የሁሉም ቤት ውስጥ አለ፤ የእሱን የመሰለ ግን ከማንም ጋን አይወጣም።

የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች ሲያይ እጁን በሽርጡ ጠርጎ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እዚህ ጋ አጥንት አለው» አለኝ፣ የ«ለ» ሁለት እግሮች የሚገናኙበትን ቦታ በሰማያዊ ጣቱ እያሳየ። «እዚህም አጥንት አለው። ጨርቅ ውኃ ውስጥ አየር ይዞ ሲያብጥ አይተሻል?»

«አይቻለሁ፣ አባዬ።»

«እንደዚያ አድርጊው።»

እንደዚያ አደረግኩት። ጋኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጨርቁ ሲያብጥ እያየሁ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱንም እንደገና ሣልኩ። ከሁሉ የቸገረኝ ኃምሱ ነው። «ሌ» እግሩ ላይ ቀለበት አለው፤ ውስጡ ባዶ በሆነ ፊደል ላይ ቀለበት ሲጨመር መስመሩ በዝቶ ዓይን ይደናገራል። ቀለበቷን አተልቄ፣ ቀዳዳዋን እንደ ምስር ፍሬ አሳንሼ አስታረቅኳቸው። «ዐ»ን ስጨርስ አባቴ ሳቀ። «ይቺማ ወንዝ ላይ ብትጥያት ትንሳፈፋለች» አለ።

መሞከሪያ ስላስፈለገኝ የሰፈሩን ልጆች ሰበሰብኩ። ለእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ማግኘት ነበረብኝና ዐረፍተ ነገሮቹ ትርጉም የላቸውም። «ዝሆኑ ሱሪውን አጥቦ አሰጣ» ብዬ ጽፌያለሁ። «ወንዙ ከነገ ወዲያ ሽቅብ ይሄዳል» ብዬ ጽፌያለሁ። ወረቀቶቹን በየአጥሩ እለጥፋለሁ፣ ልጆቹ ከየጋኑ የተረፈ ቀለም በጣሳ እያመጡ በላባ ይሞላሉ። ከሁሉም የምትሻለው የጎረቤታችን ልጅ ትብለጥ ነበረች። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም።

«እትዬ አዝመራ» አለችኝ አንድ ቀን በር በሚመስለው «በ» ፊት ቆማ፣ «በሩን ነው የምሞላው ወይስ የበሩን ውስጥ?»

«በሩን።»

«ውስጡስ?»

«ክፍት ይቀራል።»

«ያሳዝናል» አለችና በሩን ሞላች።

ትልልቆቹም አልቀሩም። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ወረቀቶቹን እያነበቡ ይስቃሉ፣ ልጆቹ ያዛነፉትን ያቃናሉ። አባቴ ከሁሉም በኋላ ይመጣና ጠርዝ ጠርዙን ያስተካክላል። «የልጄ ፊደል ላይ ዝርክርክ ነገር አይታይም» ይል ነበር።

የክትባቱ ማስታወቂያ በድቡልቡል ወጣ። ልጆቹ ሳያለቅሱ ተሰለፉ። መርፌው ሲወጋቸው አለቀሱ እንጂ ማስታወቂያው ላይ አላለቀሱም። ነርሷ ለማስታወቂያ ቤቱ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው አለስላሽ እጅ ገባ።

አለስላሽ በአገራችን የሹመት ስም ነው። ሥራው ከላይ የሚመጣ ክፉ ወሬ ሕዝቡ ጆሮ ሳይደርስ በፊት ማለስለስ ነው። ከዚያ በፊት ሥራውን የሚሠራው በቃላት ነበር፤ ቃላቱ ግን በብዙ አገልግሎት አልቀውበት ነበር። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ማንም አያምነውም፤ «በቅርቡ»ን ልጆች መሳቂያ አድርገውታል። ድቡልቡልን ባየ ጊዜ እንደ ተገላገለ ሰው ተንፍሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ፊደሌ በየቦታው ታየ። ውኃ የሚቋረጥበት ቀን በድቡልቡል ተጻፈ። ሆስፒታሉ በር ላይ «መድኃኒት አልቋል» የሚለው በድቡልቡል ተጻፈ። የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የእስር ቤት የጠያቂ ሰዓት፣ ከትምህርት ቤት የተባረሩ ልጆች ስም ዝርዝር፣ ሁሉም እንደ ተነፋ ፊኛ ሆነው ወጡ። ሰው ማስታወቂያውን ከሩቅ ሲያይ ፈገግ ይላል፤ ቀርቦ ካነበበ በኋላ ፈገግታውን የት እንደሚያደርሰው ይቸግረዋል። አንዲት ሴት የባሏን ሞት የሚያረዳውን ወረቀት ሁለት ቀን ግድግዳዋ ላይ ለጥፋው ኖራለች። የልጆች ጨዋታ መስሏት ነበር። ይህን ስሰማ አለቃ ይነሱ ዘንድ ሄድኩ።

«አለቃ፣ ፊደሉ ለልጆች ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«ለልጆች ነው የሠራሁት።»

«አዎን፣ በጣም ወደውታል!» አሉኝ። «ትልቁም ትንሹም። ኩሪ።»

ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያ ዓመት ከበላይ አካል ትእዛዝ መጣ። ወንዙ ዳር ያሉት አራት ሰፈሮች ለእንግዶች መናፈሻ ተፈለጉ። እንግዶቹ ገና አልተጠሩም፤ ነገር ግን ሣሩ ቶሎ እንደማይበቅል ይታወቃል ተባለ። ሕጉ የነዋሪውን ሙሌት ይጠይቃል። ማስታወቂያውን በድቡልቡል የደረደርኩት እኔ ነኝ። «ይህ ሰፈር በነዋሪው ስምምነት በስድሳ ቀን ውስጥ ሜዳ ይሆናል» ይላል። አልደነገጥኩም። የሰፈራችን ሰው ክቧን ባዶ ይተዋታል፣ ማስታወቂያውም ተበጫጭቆ ይወድቃል ብዬ ነበር። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ሆኗል።

ሥራውን ስጨርስ ግርጌው ላይ ክብ እንዳልተሣለ አየሁ።

«አለቃ፣ ክቧ ቀርታለች።»

አለቃ ይነሱ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «አለስላሽ አይቶታል» አሉ። «በቂ ባዶ አለው ብሏል።»

የዚያን ጊዜ አልገባኝም። በማግስቱ ሌላ ከተማ ላሉ የማስታወቂያ ጸሐፊዎች ፊደሉን እንዳስተምር ለዘጠኝ ቀን ላኩኝ።

ስመለስ ከሰፈሩ መግቢያ ላይ ጀምሮ ታየኝ። ማስታወቂያው በወረቀት ሳይሆን በቀጥታ አባቴ ግቢ ግድግዳ ላይ ነው የተጻፈው፤ ወደ ወንዙ የሚወርደው ሁሉ የሚያልፍበት ረጅም ግድግዳ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የሰው ቁመት ያህላል። «ይህ» ቀይ ነው። «ሰፈር» ሰማያዊ ሆኖ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። «ስምምነት» የሚለው ውስጥ ሰባቱም የሰፈራችን ቀለሞች ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን ሳይነካ። ከሥር ያሉትን ልጆቹ፣ ከላይ ያሉትን ወላጆቻቸው በመሰላል ሞልተዋቸዋል። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም።

አባቴ መሰላሉ ላይ ነበር፤ የ«ሜዳ»ን ጠርዝ ያቃናል።

«መጣሽ?» አለኝ ዞር ብሎ። «ይሄኛው ደግሞ የዝሆኑን በለጠ። ሰፈር ሜዳ ይሆናል! ትብለጥ ስቃ ልትሞት ነበር። ለምን ሳትነግሪን አስጻፍሽው?»

አየሁት። ከጉልበቱ እስከ ክርኑ ቀለም ነው። አለስላሽ ያለው ባዶ የፊደሎቹ ውስጥ መሆኑ አሁን ገባኝ። ነገሩን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አፌ ተከፍቶ ነበር። «ደክሞኛል፣ አባዬ» አልኩና ወደ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ ደመናው ከበደ፤ ዝናቡ ሊገባ ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። የሙሌት ቆጣሪዎች የሚመጡት ከሳምንት በኋላ ነው። በመሃል ከዘነበ ይታጠባል፤ ማንም ምንም ሳይሰማ ነገሩ ያልፋል። እኔ የማልችለውን ዝናቡ ይናገርልኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ሦስት ቀን ዘነበ። ሌሎቹ ሦስት ሰፈሮች ፊደሎቹን የሞሉት በከሰልና በሸክላ አፈር ስለነበር ሁሉም ወርዶ ወንዝ ገባ፤ የእነሱ ግድግዳ እንደ ተወለደ ሕፃን ባዶውን ቀረ። እኔ በየጠዋቱ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጥቼ የእኛን ግድግዳ አያለሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ዝናቡ በ«ስምምነት» ላይ ይወርዳል፤ ከሥር የሚፈሰው ውኃ እንደ ምንጭ ጥርት ያለ ነው።

«እይ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጠብታ እንኳ አልለቀቀም።»

ቆጣሪዋ ወይዘሮ ትርፌ በሳምንቱ ሁለት ጸሐፊዎች አስከትላ መጣች። ወፍራም፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት፤ ልጆቹን በየስማቸው ጠየቀቻቸው። ከሌሎቹ ሰፈሮች ባዶ መዝገብ ይዛ ስለመጣች ደክሟታል። ግድግዳውን ስታይ ቆም አለች።

«ማነው ይህን የሠራ?»

«ሁላችንም» አለ አባቴ። «ጠርዙን እኔ ነኝ።»

«ዝናቡን እንዴት ቻለው?»

«ጨውና አመድ ነው፣ እመቤቴ።»

ቦርሳዋ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ነበራት። ሕጉ ሙሌት በእርጥብ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ተፈትጎ ካልለቀቀ ነው የሚቆጠረው ይላል። አንድ ጊዜ ፈተገች።

«ጠንከር አድርገሽ ፈትጊው» አለ አባቴ። «አትፍሪ! ሌላ ሰፈር የተነከረ መሰለሽ እንዴ?» ሰዉ ሳቀ። ሁለተኛ ፈተገች። አባቴ ጨርቁን ከእጇ ተቀብሎ ሦስተኛውን ራሱ በሙሉ ኃይሉ ፈተገና ነጩን ጨርቅ ዘርግቶ ለሁሉም አሳየ።

«አይለቅም!» አለ።

«አይለቅም» አለች ወይዘሮ ትርፌ፤ ከጸሐፊዎቿ አንዱም ጻፈው። ከመስመር የወጣ ቀለም ካለ ሕጉ «ከፍ ያለ ፍላጎት» ብሎ እንደሚመዘግበው ተናገረችና ፈለገች፤ አላገኘችም። ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጥራ መዝገቡን ዘጋች። «ሙሉ ነው። ነካሪዎች ሰፈር ተስማምቷል። ስድሳው ቀን ከዛሬ ይጀምራል። እንኳን ደስ አላችሁ።»

አባቴ ጨርቁን እንደ ዘረጋ ወደ እኔ ዞረ።

«አዝመራ፣ ያንቺ ፊደል አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው።»

«እና?»

መልሴን ሳይጠብቅ ጨርቁን አጥፎ ለወይዘሮ ትርፌ መለሰላት።

ሰፈሩ አቤት አለ። ሙሌት ሸንጎ የሚባለው ችሎት ጉዳዩን ሰማ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ትዕግሥተኛ። መጀመሪያ ትብለጥን አቀረቧት።

«ማን ሙሉት አለሽ፣ ልጄ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ሞላሽው?»

ትብለጥ ጥያቄው ራሱ ገረማት። «ባዶ ነበራ!» አለች።

ከዚያ እኔን ጠሩኝ። ማለት ያለብኝን አውቅ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው አድሬያለሁ። ይህ ፊደል እንዳለ ሙሉ ነው፣ መስመሩ ራሱ ፊደሉ ነው፣ ባዶው የክብ ባዶ አይደለም ማለት ነበረብኝ። አዳራሹ እስከ በሩ በሰፈራችን ሰው ሞልቷል። እጃቸው ሁሉ በየቀለሙ ነው። አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ የበዓል ኮቱን ለብሷል።

ዳኛው የፊደላት መዝገቡን ገለጡ። «ድቡልቡል። ውስጡ ባዶ። ለመሞላት የተሠራ» ብለው አነበቡ። «ይህ ያንቺ ቃል ነው?»

«አዎ፣ ግን ለልጆች…»

«ጮክ በዪ።»

«ለልጆች ነው። ፊደሉ እንዳለ…»

«አልተሰማም» አለ ጸሐፊው።

«ጮክ በዪ እንጂ፣ እህቴ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። የሰፈራችን ሰው ነው፤ እየለመነኝ ነበር። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ይታወቀኛል፣ ቃሉም አንድ በአንድ ወጥቷል፤ ለራሴ ብቻ ነው የተሰማኝ። ዳኛው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁ። ሲያበቃ ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ምን ጻፍህ?»

«‹አዎ› ነው የተሰማው።»

«እንግዲያስ ‹አዎ› ይጻፍ» አሉ።

ሰፈሩ በአሥራ አንድ ቀን ፈረሰ። ግድግዳውን ግን አላፈረሱትም፤ የተሞላ ማስታወቂያ ሰነድ ስለሆነ መዝገብ ቤት መግባት አለበት። በድንጋይ መቁረጫ እየቆራረጡ በጋሪ ጫኑት። አባቴ ጠራቢዎቹ ጠርዙን እንዳይጎዱት አብሯቸው ቆሞ «ቀስ፣ ቀስ» ሲል ዋለ። እኔ እቃ አወጣለሁ። ከስምንቱ ጋኖች አራቱ መንገድ ላይ ተሰበሩ።

የተሰጠን ቦታ ከከተማው በላይ ኮረብታ ላይ ነው። ነፋሻ ነው፣ ዕይታው መልካም ነው ይሉታል። ወንዝ የለውም። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በቦቴ ይመጣል፤ ለመጠጥም አይበቃም። የነካሪዎች ሰፈር ሰዎች በመጀመሪያው ወር እጃቸውን እያዩ ይቀመጡ ነበር። በሁለተኛው ወር እጃቸው እየነጣ ሄደ። ትብለጥ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታኝ ሁለቱን መዳፎቿን ዘረጋችልኝ። «እትዬ አዝመራ፣ አሁን እንደ ሰው ሆንኩ» አለችኝ።

ከአባቴ ጋር ስለ ነገሩ የተነጋገርነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከተረፉት ጋኖች አንዱን በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል። ጋኑ ንጹሕ ነበር።

«ከጉዞሽ የተመለስሽ ቀን ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ዝናቡን ስትጠብቂ ነበር በየጠዋቱ የምትወጪው?»

«አዎ።»

ጨርቁን ጋኑ አፍ ላይ አኖረ። «ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ፣ «ቀለሙ አይለቅም፤ ይሄ ይሄው ነው። ግን ግድግዳውን በመዶሻ አፈርሰው ነበር። የራሴ ግድግዳ ነው።»

ይህ አልታየኝም ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ቀን ሌሎችን አስተምሬ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ግድግዳን ማፍረስ እንደሚቻል ግን አልታየኝም።

በዚያው ሳምንት ከማስታወቂያ ቤቱ የመልቀቂያ ወረቀት ጠየቅኩ። አለቃ ይነሱ አዘኑ። አሁን መስመሩ ወፈር ያለ የድቡልቡል ዓይነት ከእኔ እየተጠበቀ ነበር አሉኝ፤ አለስላሽ ራሱ ስሜን ጠቅሶ አመስግኖኛል አሉ። የወረቀቱን ክብ ሞልቼ ሰጠኋቸውና ዓርብ ቀን እቃዬን ይዤ ወጣሁ።

እኔ ይህን ሳደርግ አለስላሽ ከነካሪዎች ሰፈር ሌላ ትምህርት ወስዷል። ሕዝቡን ለሙሌት ማድከም አያስፈልግም፤ ማስታወቂያው ተሞልቶ ቢወጣ ለሁሉም ይቀላል አለ። ለዚህ ዝናብ የማያስለቅቀው ቀለም የሚያውቅ ሰው ይፈለግ ነበር። ሰው ወደ ኮረብታው ተላከ። አባቴ ለእኔ የነገረኝ እሁድ ነው።

«በርሜል ሙሉ ውኃ ይሰጡኛል» አለ። «በየቀኑ።»

«አባዬ፣ ምን እንደሚጽፉ ታውቃለህ።»

«የሚጽፈው ሌላ ነው። እኔ ቀለሙን ነኝ።» ወደ እኔ አላየም። «አንቺም ቅርጹን ነበርሽ፣ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ» አለና የነጡ እጆቹን አንዱን በሌላው ላይ አደረገ።

ሰኞ ጠዋት የበዓል ኮቱን ለብሶ፣ ጨውና አመድ በፌስታል ይዞ ሄደ፤ ያስቀመጡትም እኔ የተውኩት ጠረጴዛ ላይ ነው። የተሰጠው ማስታወቂያ ዝናቡ ያጠበባቸውን ሦስት ሰፈሮች የሚመለከት ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ሁለት መስመር ሞልቶ ጨረሰ።